የናፍጣ ሞተር ጭስን በሴራሚክ ቅብና በአልኮል መቀነስ

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ጉልበቱም ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ነዳጁ ከአየር ጋር በደንብ ሳይዋሃድ በተቃጠለበት ቦታ ጥላሸት ይፈጠራል። በጣም በጋለበት ደግሞ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሆናሉ። አንዱን ሲቀንሱት ሌላው ከፍ ይላል፤ መሐንዲሶችን ሲያለፋ የኖረው ይሄ ነው።

አንዱ ሙከራ የሞተሩን ውስጥ ሙቀት በሚከላከል ሴራሚክ መቀባትና አልኮል ከናፍጣው ጋር መጠቀም ነው። ሴራሚኩ የሚቀባው የፒስተኑ አናት፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) እና ቫልቮቹ ላይ ነው። በብዛት የሚመረጠው ከ7 እስከ 8 በመቶ ኢትሪያ (የኢትሪየም ኦክሳይድ) ያለበት ዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ) ነው። ዱቄቱ በፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ በጋለ ጋዝ፣ ቀልጦ ይረጫል፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። ዚርኮኒያ ሙቀት እንደ ብረት አያሳልፍም። ስለዚህ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይሄድ ከነበረው ሙቀት ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ግን የመጨመር ዝንባሌ አለው።

አልኮል እዚህ ጋ ይገባል። የኤታኖል ክብደት 35 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው። አየር ባጠረበት ቦታ የራሱን ይዞ ስለሚመጣ ጥላሸቱ ይቀንሳል። ሲተንም ብዙ ሙቀት ስለሚወስድ ያቀዘቅዛል። ድክመቱ ለመቀጣጠል መዘግየቱ ነው። ነዳጅ በቀላሉ በራሱ መቀጣጠሉን የሚያሳየው ሴቴን ቁጥር ለናፍጣ ከ40 በላይ ሲሆን የኤታኖል 10 እንኳ አይሞላም። የጋለው ሴራሚክ ይህን መዘግየት ያሳጥርለታል፣ ኤታኖሉም በተራው ሙቀቱን ይገታል። በወረቀት ላይ ግሩም ጋብቻ ነው። በተግባር ግን ውጤቱ እንደ ጭነቱ፣ እንደ ድብልቁ መጠንና ነዳጁ እንደሚረጭበት ቅጽበት ይለያያል።

ጣጣውም ቀላል አይደለም። ትንሽ ውሃ ከገባ ኤታኖሉ ከናፍጣው ይለያል፤ ጠርሙስ ውስጥ ቢቀመጥ ሁለት ንብርብር ሆኖ ይታያል። የነዳጅ ፖምፓውን የማለስለስ አቅሙም ደካማ ነው። ለዚህ ባዮዲዝል (ከዘይት ወይም ከስብ የሚሠራ ነዳጅ) ይጨመርበታል፣ ወይም ከናፍጣ ጋር በቀላሉ የሚዋሃደው ሌላው አልኮል፣ ቡታኖል፣ ይመረጣል። ቅቡን በተመለከተ፣ አሉሚኒየም ሲግል ከዚርኮኒያ ይበልጥ ይለጠጣል። በመሃል የኒኬል፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ የሚቀባው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ሊላጥ ይችላል። ፍርፋሪው ሲሊንደሩን ከቧጠጠው ደግሞ ወጪው የትየለሌ ነው።

አልኮሉም ሽፋኑም ለየብቻ መንገድ ላይ ወጥተዋል። የስዊድኑ ስካኒያ 95 በመቶ ኤታኖል የሚጠቀሙ፣ በናፍጣ ሞተር አሠራር የሚሄዱ አውቶቡሶችን ሠርቷል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ፒስተን ላይ ሙቀት የሚከላከል ስስ ሽፋን አድርጓል፤ እሱ ግን ዚርኮኒያ ሳይሆን በሲሊካ የተጠናከረ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው።