ለቫን ጣራ መሰላል ስናሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሃይሩፍ ሃይስ ገዝቼ የኋላ ወንበሮቹን አስወልቄ አልጋ ስዘረጋበት፣ ቀጥሎ ያሳሰበኝ ጣራው ነበር። ፍራሹም፣ ጀሪካኑም፣ ድንኳኑም ፖርቶ መጋላ ላይ ነው የሚጫነው። ጫኙ ግን ጎማ ረግጦ፣ መስኮት ይዞ፣ ተንጠላጥሎ ነው የሚወጣው። መሰላል ማሠራት ግድ ሆነ። ምክር ሞልቶ ነበር፤ ግማሹ ግን ስህተት ነው። ላንጋኖ ዳር አንድ ማለዳ ታናሽ ወንድሜ ከመጀመሪያው መሰላሌ ላይ በጀርባው ወደቀ። ያረፈው አሸዋ ላይ ስለሆነ እግዜር አወጣው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ቀለል አድርጌ አላየውም።

"ብረቱ ወፍራም ከሆነ ማንንም ይችላል"

በብዛት የሚሰማው ይሄ ነው። በያጁም ጎረቤቱም መሰላሉን ነቅነቅ ያደርጉና "ይሄማ ዝሆን ይችላል" ይላሉ። ልክ ናቸው፣ መሰላሉ ይችላል። የሚለቀው የታሰረበት ቦታ ነው። የመኪናው ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም።

80 ኪሎ የሚመዝን ሰው መሰላል ላይ ሲቆም ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይጫንም። ሰውነቱ ከመሰላሉ 30 ሳንቲም ያህል ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ የላይኛውን ማያያዣ ወደ ራሱ ይጎትተዋል፣ የታችኛውን ወደ መኪናው ይገፋዋል። ሁለቱ ማያያዣዎች በ120 ሳንቲም ከተራራቁ፣ ላይኛው ላይ የሚያርፈው ጉተታ 20 ኪሎ ገደማ ነው። በ40 ሳንቲም ብቻ ከተራራቁ ግን 60 ኪሎ ይሆናል። ሰውየው ያው ነው፣ ብረቱም ያው ነው። የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆም ነው፤ ጀሪካን ይዞ ደንገጥ ሲል ጉተታው በአንዴ ይጨምራል።

ስለዚህ ማያያዣዎቹን አራርቁ። ከላሜራው በስተጀርባ፣ ከውስጥ በኩል፣ መዳፍ የሚያክል 3 ሚሊሜትር ብረት አድርጉና ቡሎኑን በሱ ላይ እሰሩ። በትንሽ ሮንዴላ ብቻ የታሰረ ቡሎን ቀጭን ጨርቅ ላይ እንደተሰፋ ቁልፍ ነው፤ ሲጎተት ጨርቁን ቀዶ ይወጣል። በትራፓኖ የበሳችሁትን ቀዳዳ ጠርዙን አንቲረስት ቀብታችሁ በሲሊኮን ዝጉት። አለበለዚያ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

"ቦታው የኋላ በር ነው"

ፎርድ ትራንዚትና መርሴዲስ ስፕሪንተር የኋላ በራቸው እንደ ቁም ሣጥን ወደ ጎን ስለሚከፈት፣ በማጠፊያው በኩል መሰላል ይታሰርባቸዋል። በፎቶ የምናየው አብዛኛው እሱ ነው። የሃይስ በር ግን ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ደግፈው የሚያቆሙት ሁለት የጋዝ ዘንጎች የተለኩት ለበሩ ክብደት ነው። 12 ኪሎ መሰላል ስትጨምሩበት፣ በተለይ በብርድ ማለዳ የጋዙ ጉልበት ሲቀንስ፣ በሩ ቀስ እያለ አናታችሁ ላይ ይወርዳል። ስትወጡም ሸክሙ ሁሉ ማጠፊያዎቹና መቆለፊያው ላይ ነው።

እኔ በመጨረሻ የወሰንኩት በሚነሳ መሰላል ነው። ከላይ ፖርቶ መጋላው ላይ የሚቆለፍ ሁለት መንጠቆ አለው፣ ከታች ጎማ የለበሰ እግሩ መሬት ይረግጣል። ክብደቱን የሚሸከመው መሬቱ ነው፣ መኪናው አይበሳም፣ ስንጓዝ ደግሞ አልጋው ስር ይገባል። ዝንባሌው አራት ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ውጭ ነው። የኔ መኪና ወደ 2.3 ሜትር ስለሚጠጋ፣ የመሰላሉ እግር ከመኪናው 57 ሳንቲም ያህል ይርቃል።

"ክብ ቱቦ ለእጅም ለእግርም ይመቻል"

ለእጅ አዎ። ለእግር አይደለም። የመጀመሪያው መሰላሌ ደረጃዎች ክብ ነበሩ፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀቡ። ያን ቀን ማለዳ ጤዛ ነበረበት። ወንድሜ ነጠላ ጫማ አድርጎ ፍራሽ ሊያወርድ ወጣ። ሲወርድ ፊቱ ወደ መኪናው ነው፣ እግሩ ግን እየዳበሰ ነው የሚሄደው። ሦስት ደረጃ በ30 ሳንቲም በ30 ሳንቲም ወረደ። አራተኛው 45 ላይ ነበር። በያጁ ከላይም ከታችም ለክቶ የተረፈውን መሀል ላይ አስቀርቶታል። እኔም አየሁት፣ ምንም አላልኩም። እግሩ ደረጃውን በለመደበት ቦታ ፈለገው፣ አጣው።

ሌላም ጥፋት ነበረው። በደረጃዎቹና በመኪናው መሀል የነበረው ክፍተት 6 ሳንቲም ብቻ ነው። የእግር ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው። ቢያንስ 18 ሳንቲም ያስፈልጋል፤ ያኔ የእግሩ መሀል ይረግጣል። አሁን ደረጃዎቹ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ናቸው፣ ሁሉም እኩል 30 ሳንቲም ይራራቃሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ ነስንሼበታለሁ። ብር አያስወጣም፣ እግር ግን ይይዛል።

"ጋልቫናይዝድ ከበየድክ ወተት ጠጣ"

ይሄኛው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍለው በያጁ ነው። ብዙ ሰው ከግንባታ የተረፈ የውሃ ቧንቧ ይዞ ይሄድና "በዚህ ሥራልኝ" ይላል። ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ያን ጭስ የሳበ ሰው ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል። ማታ ግን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣበታል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ብዙዎች ጉንፋን ወይም ወባ ይመስላቸዋል።

ወተት የሚሄደው ሆድ ነው፣ ጭሱ የሚገባው ሳንባ። አይገናኙም። ወተቱ በራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው "ጠጥቻለሁ" ብሎ ዝግ ክፍል ውስጥ መበየድ ነው። የሚበጀው የሚበየደውን ጫፍ አስቀድሞ በግራይንደር እስከ ጥቁሩ ብረት መፋቅ ነው፤ ሲፋቅም አቧራው እንዳይሳብ አፍንጫና አፍ ይሸፈን። ከዚያ ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጎን አድርጎ መበየድ። ከሁሉ የተሻለው ደግሞ ያልተለበጠ ቱቦላሬ ገዝቶ መስጠት ነው። ለበያጁ ጤና ሲባል የዋጋው ልዩነት ምንም አይደለም።

መኪናው ላይ እንዳለ መበየድም ሌላ ጣጣ ነው። በተቻለ መጠን መሰላሉ መሬት ላይ ተበይዶ ያልቅና በቡሎን ይታሰር። ግድ ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ የብየዳው መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ።

"አሉሚኒየም ደካማ ነው"

ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚባለው። በደንብ የተሠራ የአሉሚኒየም መሰላል ሰው በሚገባ ይሸከማል። ችግሩ ብየዳው ነው። በተለመደው የብረት ኤሌክትሮድ አይበየድም፤ በትክክለኛው መሣሪያ ቢበየድም እንኳ ሙቀቱ ያገኘው ቦታ ጥንካሬው ይቀንሳል። በቡሎን አያይዙት። ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ቦታ ጎማ ወይም ፕላስቲክ አስገቡ፤ ውሃ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል።

"መሰላሉ ከቻለኝ ጣራውም ይችለኛል"

ጣራውም ያው ቀጭን ላሜራ ነው። መሀሉን ስትረግጡት ድም ብሎ ይገባል፣ አንዳንዴም እንደገባ ይቀራል። ፖርቶ መጋላው ላይ ሁለት ጣውላ አጋድማችሁ እሱን ርገጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቀና በሉ። ጣራው 2.3 ሜትር ላይ ነው። እናንተ ቆማችሁ እጃችሁን ስትዘረጉ ከ4 ሜትር ታልፋላችሁ። በየሰፈሩ ረግቦ የሚታየው የመብራት ገመድ እዚያ አካባቢ ነው ያለው። ድንኳን የሚያቆም ሰው ደግሞ እጁ ላይ የብረት ዘንግ አለ። እኔ ገመድ ካየሁ መኪናውን ሳላንቀሳቅስ ማንንም አላስወጣም፤ ጭነት ለማውረድ ቢሆንም፣ "ለአንዴ ብቻ" ቢሉኝም።