ብስክሌት ለጤና፦ አጀማመሩና የመንገድ ላይ ጥንቃቄው

ብስክሌት መንዳት ትልልቆቹን የእግር ጡንቻዎች፣ ልብንና ሳንባን አንድ ላይ የሚያሠራ፣ መገጣጠሚያን ግን እምብዛም የማያስጨንቅ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው። የሚሮጥ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነቱን ክብደት ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያሳርፋል። ብስክሌት ላይ ግን አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው ኮርቻው ነው። ሰውነቱ የከበደ፣ ጉልበቱን የሚያመው ወይም ለዓመታት ስፖርት ያልሠራ ሰው ሩጫ ሲከብደው ብስክሌት የሚቀለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል መንገድን ከመኪና ጋር የሚጋሩበት እንቅስቃሴ በመሆኑ፣ አካልን ከማጠንከር እኩል ራስን መጠበቅን መማር ግድ ይላል። ብዙ ጀማሪዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብስክሌታቸውን ግድግዳ አስደግፈው የሚተዉት ትንፋሽ አጥሯቸው አይደለም፤ ወይ ኮርቻው አሳምሟቸው፣ ወይ መኪና አስደንግጧቸው ነው። ለሁለቱም መፍትሔ አለ።

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ የደኅንነት ታሪክ ነው። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 የሠራው ባለ ሁለት ጎማ የእንጨት መሣሪያ ፔዳል አልነበረውም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። በ1860ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የፊት ጎማው ላይ ፔዳል ተገጠመ። ከዚያ በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ለመሄድ ሲባል የፊቱ ጎማ እየተለቀ፣ ነጂውም ከመሬት እየራቀ መጣ፤ ጎማው እንቅፋት ሲመታ ነጂው በግንባሩ ይደፋ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 የሁለቱን ጎማዎች መጠን ተቀራራቢ አድርጎ፣ ፔዳሉን በካቴና ከኋላው ጎማ ጋር አገናኝቶ ያወጣው ብስክሌት ይህን አደጋ አስቀረ። የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት መጠሪያም “ሴፍቲ”፣ ማለትም “ደኅንነት” ሆነ። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚሞላውን ጎማ ሲጨምርበት የዛሬው ብስክሌት በዋና ዋና ነገሩ ተሟላ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ጁን 3 (ግንቦት 26) የዓለም ብስክሌት ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል።

ለአካል የሚሰጠው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት ጉዞ የመጀመሪያውን መጠን ይሞላል። ወደ ሥራ በብስክሌት የሚመላለስ ሰው ለስፖርት ብሎ የተለየ ሰዓት ሳይመድብ ይህን ሊያገኝ ይችላል፤ በእኔ እምነት የብስክሌት ትልቁ ብልጫ ይህ ነው።

መካከለኛውን ከጠንካራው ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። እየነዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ፣ መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃላት ተናግሮ ትንፋሽ መሳብ የግድ ከሆነ ጠንካራ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ በሰዓት ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል።

አንድ ጉድለት ግን ሊነገር ይገባል። ኮርቻው ክብደትን ስለሚሸከም አጥንት የሚጠነክርበትን ጫና አያገኝም። ስለዚህ ብስክሌት ብቻ የሚነዳ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት ወይም መሬት ላይ ቆሞ የሚሠራ የጥንካሬ እንቅስቃሴ ቢጨምር ይጠቅመዋል። የልብ ሕመም ያለበት፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚያዞረው ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት።

ብስክሌቱን ለአካል ማስተካከል

አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ከኮርቻው ከፍታ ነው። ልኩን ለማግኘት ግድግዳ ተደግፎ ኮርቻው ላይ መቀመጥ፣ ተረከዝን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ወደ ታችኛው ጫፍ ማውረድ ነው። እግሩ ዳሌ ሳያዘነብል ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው። በትክክለኛው አነዳድ ፔዳሉን የሚረግጠው የእግር ፊተኛው ክፍል ስለሆነ፣ ያኔ ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ጉልበትን ከፊት የሚያም ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ የሚያም ከሆነ ከፍ ብሏል። ጀማሪዎች ተቀምጠው ሁለት እግራቸውን መሬት ማስረገጥ ስለሚፈልጉ ኮርቻውን ዝቅ ያደርጉታል። ያ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሚዛን መለማመጃ ይሆናል እንጂ፣ እየቆየ ጉልበትን የሚፈጅ ልማድ ነው። ሲቆሙ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርዶ እግርን መሬት ማሳረፍን መልመድ ይሻላል።

ኮርቻ ሲመርጡ ልስላሴ ያታልላል። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን መያዝ ያለባቸው ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። በጣም ለስላሳ ኮርቻ አጥንቶቹን ውጦ በመካከላቸው ያለውን ስስ ሥጋ ይጫናል፤ መደንዘዝ የሚያመጣው ይህ ነው። በአጥንቶቹ ርቀት ልክ የሰፋና መጠነኛ ጥንካሬ ያለው ኮርቻ ለረጅም ጉዞ ይመቻል። የመጀመሪያው ሳምንት የመቀመጫ ሕመም ግን የተለመደ ነው፤ እረፍት እየሰጡ ሲነዱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስፖንጅ ያለበት የብስክሌት ቁምጣ ይረዳል፤ የሚለበሰውም ያለ ውስጥ ሱሪ ነው፣ የውስጥ ሱሪ ስፌት ቆዳን ስለሚልጥ።

እጅ ሲደነዝዝ፣ በተለይ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት፣ መዳፍ ላይ የሚያልፍ ነርቭ በመሪው ተጭኗል ማለት ነው። መሪውን ከፍ ማድረግ፣ ክርንን በመጠኑ ማጠፍና አያያዝን መቀያየር ያስታግሰዋል።

ማርሽም ከጤና ጋር ይያያዛል። ከባድ ማርሽ ላይ ሆኖ በዝግታ መግፋት ጥንካሬ ይመስላል፤ ሸክሙ ግን ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው። የለመዱ ነጂዎች ብዙውን ጊዜ ፔዳሉን በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ያሽከረክራሉ። ጀማሪ ከ60 ወይም ከ70 ተነስቶ ቀስ በቀስ ሊደርስበት ይችላል። ዳገት ሲመጣ ማርሽ መቀነስ የሚገባው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ እግር ተጨንቆ ሳለ ማርሽ ሲቀየር ካቴናው ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል።

አጀማመር

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ በሆነ መንገድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ የእረፍት ቀን እየሰጡ መንዳት ይበቃል። ጡንቻ ከአንድ ቀን በኋላ ቢታመም አያስደነግጥም፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ስለታም ሕመም ግን ማቆሚያ ምልክት ነው። መጀመሪያ የሚጨመረው ርቀት ነው፣ ቀጥሎ ዳገት፣ ፍጥነት በመጨረሻ። ነፋስ ሲገጥም በፍጥነት መለኪያው መናደድ አይገባም፤ የአየር ተቃውሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ የሚያድግ ነገር ነውና፣ ማርሽ ቀንሶ ትንፋሽን ጠብቆ መሄድ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚወስድ ጉዞ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ፣ የሚበላም ነገር መያዝ ይገባል። በሙቀት ቀን ውሃው ይጨመራል።

ከመውጣት በፊት

ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይታያል፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና። ጎማ ሳይበሳም በቀናት ውስጥ አየሩ ይቀንሳል፤ የሚይዘው መጠን ጎኑ ላይ ተጽፏል። ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ መግፋት ነው፤ የፍሬኑ እጀታ መሪውን እስኪነካ ከገባ መጥበቅ አለበት። የፊትና የኋላ ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ከአገር አገር ይለያያልና፣ በተዋሱት ወይም አዲስ በገዙት ብስክሌት ላይ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ካቴናው ዘይት ከተቀባ በኋላ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ዘይት የበዛበት ካቴና አቧራ ሰብስቦ ቶሎ ያልቃል።

ሄልሜት ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ግንባር ብቻ አስቀርቶ አግድም መቀመጥ አለበት። ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር ይገናኛሉ፤ ከአገጭ ሥር አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለባቸው። ወደ ኋላ የተገፋ ሄልሜት ግንባርን አይከላከልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና 40 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ እንዳሳየው፣ ሄልሜት ማድረግ አደጋ በደረሰባቸው ነጂዎች ላይ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የመከሰት ዕድልን በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ይሁንና ሄልሜት የሚሠራው ከወደቁ በኋላ ነው። ላለመውደቅ የሚጠቅመው አነዳዱ ነው።

መንገድ ላይ

ከመኪና ጋር ከመቀላቀል በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ሦስት ነገር መለማመድ ያሻል። አንዱ፣ ሳይወላገዱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ኋላ ማየት ነው፤ ብዙ ሰው ጭንቅላቱን ባዞረበት መሪውንም ይዞ ይዞራል። ሁለተኛው መሪውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ምልክት መስጠት ነው። ሦስተኛው ድንገት መቆም ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው፤ የኋላው ብቻ ከተያዘ ጎማው ይንሸራተታል። ሁለቱን አብሮ፣ የፊቱን እየጨመሩ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ገፍቶ ዝቅ ማለት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 5.5 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ያን ርቀት ሄዷል ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ 40 ሲደርስ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌትን ተሽከርካሪ ብሎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ የሚነዳው ከመኪናው ፍሰት ጋር ነው። አንዳንድ ሰው የሚመጣውን መኪና ለማየት ብሎ በተቃራኒው ይነዳል፤ ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። በ50 የሚመጣ መኪና 20 የሚሄድ ብስክሌትን ከኋላ ሲደርስበት ልዩነታቸው 30 ነው፤ ፊት ለፊት ሲመጡ 70 ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከመጋቢ መንገድ የሚወጣው ሾፌር ወደዚያ አቅጣጫ አለማየቱ ነው።

ጀማሪ በፍርሃት የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። እዚያ ግን የውሃ መውረጃ ፍርግርግ፣ ጠጠርና ስብርባሪ አለ፤ መኪናም ቦታ የሌለውን ቦታ አለ ብሎ አስጠግቶ ያልፋል። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ራቅ ብሎ፣ ቀጥ ባለ መስመር መሄድ ሾፌሩ አስቦ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ከቆሙ መኪኖች አጠገብ ሲያልፉ ከአንድ ሜትር በላይ መራቅ ይገባል፤ በር በቅጽበት ይከፈታል። በቆሙት መኪኖች መካከል እየገቡና እየወጡ መሄድ ግን ለሾፌሩ መጥፊያና መታያ እየሆኑ ማስደንገጥ ነው።

አብዛኛው ግጭት የሚበዛው መታጠፊያና መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። በተለይ ረጅም የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ ይልቅ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይጠጋሉ፤ በዚያ በኩል ያለ ብስክሌተኛም ለሾፌሩ አይታይም። ፍሬቻ አላየሁም ብሎ በጎኑ መሽሎክ ሕይወት ያስከፍላል። ከኋላው ቆሞ መጠበቅ፣ አስፈላጊ ከሆነም ወርዶ እግረኛ መሆን ነው። የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላዩት እሱም አያይዎትም።

የባቡር ሐዲድ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ መሻገር አለበት፤ በሰያፍ ከተሻገሩት ጎማው በሐዲዱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይጥላል። ዝናብ ሲጥል የቀለም መስመር፣ የብረት ክዳንና የወደቀ ቅጠል ያንሸራትታሉ። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ያለው ብስክሌት ውሃው እስኪጠረግ ቶሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ቀድሞ መያዝ ነው። በጨለማ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት የግድ ነው። ብርሃን መላሽ ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲሆን ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ሾፌሩ የሚያየው ሰው መሆኑን ቶሎ ያውቃል። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሁለቱን ጆሮ መድፈንም ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ ማጣት ነው።

በቡድን ሲነዱ የፊት ጎማን ከሌላው የኋላ ጎማ ጎን ማስገባት አይገባም። ሁለቱ ሲነካኩ የሚወድቀው ከኋላ ያለው ነው።

ከወደቁ

መጀመሪያ ከመንገዱ መውጣት፣ ከዚያ ራስን መፈተሽ ነው። የመውደቅ ድንጋጤ ሕመምን ለጊዜው ይሸፍናልና ወዲያው ተነስቶ መንዳት ስህተት ነው። ራሱን የመታ ሰው ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ፣ የሆነውን ካላስታወሰ ወይም ራስ ምታቱ እየባሰበት ከሄደ፣ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ የመጣ ቢሆንም ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት፤ ብቻውንም መተው የለበትም። የሄልሜቱ ፎም ምቱን የሚቀበለው በመጨፍለቅ ነው፤ ከተጨፈለቀ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ ከላይ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ ራስን ካዳነ በኋላ ይቀየራል።