«ልጄን ለምን አያስገቡትም?» ስለ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተቀያሪዎች ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

ኖቬምበር ሲገባ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር የሚጀምረው ያኔ ነው። አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ረዳት አሰልጣኝ ስለነበርኩ፣ እዚህ ሜሪላንድ ልጁ ኮሌጅ የሚጫወትለት ሐበሻ ሁሉ ቅሬታውን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ስንጠጣ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ባለፈው አንድ ጋሼ ንፍሮ እየበላን ጠጋ አሉኝና «ለመሆኑ ይሄ አሰልጣኝ ከልጄ ጋር ምን ጠብ አለው?» አሉኝ። ልጁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቡድኑ ገና ስድስት ጨዋታ ነው ያደረገው።

ለእሳቸው በለቅሶ ቤት ደንብ በአጭሩ መለስኩ። እዚህ ግን ማንም አያቋርጠኝም፤ ዘርዘር ላድርገው።

«ሁሉም እኩል ደቂቃ ይገባዋል»

ለአሥር ዓመት ልጆች፣ አዎ። ሁሉም ይጫወቱ፣ ብርቱካን ተሰጥቷቸው ወደ ቤት ይሂዱ። ኮሌጅ ላይ ግን መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው። ሜዳ ላይ አምስት ሰው አለ። ስለዚህ አሰልጣኙ በአንድ ምሽት የሚያከፋፍለው 200 ደቂቃ ብቻ ነው። ቡድኑ ውስጥ 15 ልጅ ካለ፣ እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 13 ደቂቃ ከምናምን ይደርሰዋል። ይህ ማለት ምርጡ ተጫዋች 27 ደቂቃ ተቀምጦ ያያል ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርግ አሰልጣኝ የገናን በዓል ሥራው ላይ ሆኖ አያከብርም።

አሁን እንደ እውነተኛ አሰልጣኝ እናካፍለው። አምስቱ ቋሚዎች በአማካይ 31 ደቂቃ ቢጫወቱ 155 ሄደ። የቀረው 45 ነው። ለስድስተኛው 20፣ ለሰባተኛው 15፣ ለስምንተኛው 10። አለቀ። ለዘጠነኛው ልጅ ከየት ይምጣለት? ወላጅ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ሲለኝ ሁሌ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከማን ላይ እንቀንስ? እስካሁን ስም የጠራልኝ የለም።

«ቋሚ ተሰላፊ ያልሆነ ልጅ ደካማ ነው»

ማርቪን ዊሊያምስ በ2005 ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ሻምፒዮን ሲሆን በዓመቱ አንድም ጨዋታ አልጀመረም፤ በዚያው ዓመት በኤንቢኤ ምርጫ ሁለተኛ ሆኖ ተወሰደ። ዴቪን ቡከርም ኬንታኪ እያለ አንድም ቀን ከመጀመሪያ አልተሰለፈም። ቡከር በኋላ ኤንቢኤ ውስጥ ምን ዓይነት ኮከብ እንደሆነ ለማንም አልነግርም።

«ተቀያሪ የማያበዛ ቡድን ማርች ላይ ይደክማል»

ማርች የዓመቱ የዋንጫ ውድድር የሚጀመርበት ወር ነው። ይሄ ብልህ የሚመስል ስህተት ነው። 2015ን እናስታውስ። ኬንታኪ ውስጥ ጎበዝ ልጆች ከመብዛታቸው የተነሳ አሰልጣኙ ጆን ካሊፓሪ ዓመቱን የጀመረው አምስት አምስት ልጆች በቡድን በቡድን እየቀያየረ ነበር። 38 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። ዱክ ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ አንድ ልጅ ከቡድኑ ከተሰናበተ በኋላ የቀሩት ባለ ስኮላርሺፕ ተጫዋቾች ስምንት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ኢንዲያናፖሊስ ለመጨረሻዎቹ አራት ደረሱ። ኬንታኪ በዊስኮንሲን 71 ለ 64 ተሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ዊስኮንሲን 68 ለ 63 አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደው ስምንት ልጅ ብቻ የቀረው ዱክ ነው።

እንዴት አልደከሙም? አንዱ ምክንያት ቴሌቪዥን ነው። በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የወንዶች ጨዋታ በየአጋማሹ አራት ጊዜ ለማስታወቂያ ይቆማል። ሰዓቱ ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ በታች ሲወርድ፣ ኳስ በሞተችበት ቅጽበት ማለት ነው። አሰልጣኝ ይሄን ያውቃል። 16 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ሲቀር ኮከቡን ያስወጣና ተቀያሪውን ያስገባል። ትንሽ ቆይቶ ማስታወቂያ ይመጣል። ሲመለሱ ኮከቡ ይገባል። ከጨዋታው ያመለጠው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ የተቀመጠው ግን ብዙ ደቂቃ። ቤቱ ሆኖ የሚያይ አባት ግን «ልጄን አስገብቶ ወዲያው አስወጣው፣ ሞራሉን ገደለው!» ብሎ ይደውልልኛል። ልጅዎ ሥራውን ሠርቶ ነው የወጣው፣ ጋሼ።

«ካልተጫወተ ልምድ ከየት ያመጣል? ሃያ ነጥብ ስንመራ እንኳን አያስገቡትም!»

መጣ። ፀጉሬን ያሸበተው ይሄ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልመን። 25 ነጥብ እየመራ፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ቋሚዎቹን ሜዳ ላይ የሚያቆይ አሰልጣኝ ካለ እኔም አብሬ እጮሃለሁ። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር ምን ሊል ነው? በዚያ ሰዓት ተቀያሪዎቹ ይግቡ፤ ዓመቱን ሙሉ ለፍተዋል፣ እናቶቻቸውም ትኬት ገዝተዋል። ይሄ ምስጋና ነው። ልምድ ግን አይደለም። ሰው ሁለቱን ሲያምታታ ነው የምናደደው።

በቁጥር እንየው። አንድ ቡድን በመደበኛው ወቅት 31 ጨዋታ ቢኖረው፣ ልጁም በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ አራት ደቂቃ ቢገባ፣ ድምሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የዓመት ድምር! በከፍተኛው ዲቪዚዮን ደንቡ በውድድር ወቅት የሚፈቅደው ልምምድ ደግሞ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጠብ የሚነሳበት ደቂቃ ተደምሮ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ አይበልጥም። ልጁ ልምድ የሚያገኘው ከልምምድ ነው። ማክሰኞ ዕለት፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ ከሱ የሚሻለውን የአራተኛ ዓመት ልጅ ሲይዝ።

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ሜዳው ላይ ያለው ነገር ደግሞ ቅርጫት ኳስ አይደለም። በሁለቱም ወገን አምስት ያልተጫወቱ ልጆች ገብተዋል። ማንም ስክሪን አይሠራም (ለጓደኛው ተከላካይ አይጋርድለትም)፣ ማንም ወደ ኋላ አይሮጥም፣ ኳስ የደረሰው ሁሉ ይወረውራል። የሚማሩት መጥፎ ነገር ነው።

አንድ ልጅ ነበረን። የአንደኛ ዓመት፣ ረጅም፣ እጁ የተባረከ። 26 ነጥብ ስንመራ አስገባነው። የማሞቂያ ሱሪው ቁልፍ አልከፈት ብሎት ሁለት ጓደኞቹ ጎትተው አወለቁለት። ገባ። የመጀመሪያዋን ኳስ ከመሃል ሜዳ ጥቂት አለፍ ብሎ ለቀቃት። ገባችለት። ወንበሩ ሁሉ ተነስቶ ጨፈረ፣ እኔም ጨፈርኩ። እናቱ የቀረጸችውን ቪዲዮ ከተማው ሁሉ አየው።

በሳምንቱ ሌላ ጨዋታ ላይ ሁለት ልጆቻችን አምስት አምስት ፋውል ሞልቶባቸው ወጡ። በሦስት ነጥብ እየተመራን ስለሆነ እሱን አስገባነው። ኳስ እንደደረሰው ያቺኑ ወረወረ። ሰሌዳውን እንኳን አልነካችም። ወደ ኋላ ሲመለስ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ ጠፋው። መሃል ላይ ቆሞ ወደ እኛ ያያል። የጠፋው ሰው ከቀኝ ጥግ ሦስት ነጥብ አገባ። በሚቀጥለው ጥቃት ከዚያው ጥግ ደገመው። ልጁ አሁንም ወደ እኛ እያየ ነው። ፊቱ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ ስንመራ ያስጨፈረንን ነገር ስንመራ ብቻ የሚፈቀድ መሆኑን አልነገርነውም።

ታዲያ ጀማሪ መቼ ይግባ? የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ። ብቻውን፣ ወይም ቢበዛ ከሌላ አንድ ጀማሪ ጋር፣ ሦስት አራት ነባሮች ከጎኑ እያሉ። አንድ ሥራ ተሰጥቶት፦ ያንን ቁጥር 11 ያዝ፣ ሌላውን ተወው። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ቢሳሳት ለማስተካከል ጊዜ አለ፣ ቢሳካለት ነገ አራት ደቂቃ ይሆናል። የኖርዝ ካሮላይናው ዲን ስሚዝ ለየት ይላል፤ አምስት ተቀያሪዎችን አንድ ላይ፣ «ሰማያዊ ቡድን» ብሎ፣ ለአጭር ጊዜ ያስገባ ነበር። ግን እሱም የሚያደርገው በመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ነው፣ ጨዋታው ገና ትርጉም እያለው።

አሁን «ግሬይሰን አለንስ?» የሚል ይኖራል። በዚያው 2015 ዱክ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ልጅ ነበር፤ በአማካይ 9 ደቂቃ ገደማ ነበር የሚጫወተው። በፍጻሜው ዱክ በ9 ነጥብ ሲመራ የነበረውን ዊስኮንሲን እያሳደደ እያለ ተነስቶ ጨዋታውን ቀየረው። 16 ነጥብ አገባ። «ይኸው፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ አግባብ አስቀመጡት!» ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ስምንት ልጅ ብቻ ያለበት ልምምድ ላይ መደበቂያ የለም። አለን በየቀኑ ታየስ ጆንስን እና ከኛው ከዋሽንግተን አካባቢ የሄደውን ክዊን ኩክን ሲጋፈጥ ነው የከረመው። ኤፕሪል 6 ቀን ሜዳው አዲስ አልሆነበትም።

ከሁሉ የምወደው ግን ዲአንድሬ ሀንተርን ነው። ቨርጂኒያ ሲገባ አሰልጣኙ ቶኒ ቤኔት የመጀመሪያውን ዓመት ጭራሽ አላጫወተውም። ሬድሸርት ይሉታል፤ ከቡድኑ ጋር እየተለማመደ ጨዋታ ሳይገባ ይከርማል፣ የመጫወቻ ዓመቱም አይቆጠርበትም። በወቅቱ በነበረው ደንብ አንድ ደቂቃ እንኳ ገብቶ ቢሆን አንድ ሙሉ ዓመት ይቃጠልበት ነበር። «ደስ እንዲለው አንድ ደቂቃ» የምትሉ ይቺን ልብ በሉ። በሁለተኛው ዓመት ተቀያሪ ሆነ። ማርች 2018 ላይ እጁን ተሰብሮ ሳይሰለፍ ቀረ፤ ቨርጂኒያም እዚሁ ጎረቤታችን በሆነው የሜሪላንዱ ዩኤምቢሲ ዩኒቨርሲቲ 74 ለ 54 ጉድ ሆነች። በዋንጫው ውድድር ከምድቡ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው የወንዶች ቡድን በመጨረሻው፣ በ16ኛው፣ ሲሸነፍ ያ የመጀመሪያው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሀንተር በፍጻሜው 27 ነጥብ አግብቶ ዋንጫ ወሰዱ። አንድ ዓመት ሙሉ ዜሮ ደቂቃ የነበረው ልጅ! ያኔ አባቶች ቢጠየቁ ኖሮ ስንቱ «አስወጡት ከዚያ» ይል ነበር።

«ሁሉንም የሚያጫውቱ አሰልጣኞች አሉ እኮ»

አሉ። አይዋ ውስጥ ግሪኔል የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አምስት አምስት ልጆችን እንደ ሆኪ በየደቂቃው ገደማ በመቀያየር ይታወቃል። በ2012 የዚያው ኮሌጅ ልጅ ጃክ ቴይለር በአንድ ጨዋታ 138 ነጥብ አገባ። በዚያ ምሽት ከ40ው ስንቱን ደቂቃ ተጫወተ? 36ቱን።

«ካላጫወቱት ይዛወር»

ከ2021 ወዲህ አንድ ልጅ ኮሌጅ ሲቀይር ዓመት ሳይቀመጥ መጫወት ይችላል፤ በ2024 ደግሞ የበለጠ ላላ። ግን በሩ ለሁሉም ነው የተከፈተው። የናንተ የ18 ዓመት ልጅ ሊገባበት ያሰበው ቦታ ላይ አሰልጣኙ የ22 ዓመት ጢማም ከሌላ ኮሌጅ ያመጣበታል። ከመውጣታችሁ በፊት ልጁ ራሱ አሰልጣኙን ያናግር። ልጁ፣ እናንተ አይደላችሁም። ጨዋታ ባለቀበት ምሽት ሳይሆን በነጋታው። «ስንት ደቂቃ ትሰጠኛለህ?» ብሎ አይጀምር። «የስምንተኛውን ልጅ ቦታ ለመውሰድ ምን ይጎድለኛል?» ይበል። መልሱ ብዙ ጊዜ ስለ መወርወር አይደለም። ዲፌንስ፣ ንግግር፣ ኳስ አለማስነጠቅ ነው። ቤት ሲመጣም «ስንት አገባህ?» አትበሉት፣ እባካችሁ።

የለቅሶ ቤቱ ጋሼ ልጅ ጃንዋሪ ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ደቂቃ ገባ። አባቱ የውጤት ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ነጥብ 0፣ ሪባውንድ 0፣ ፋውል 1። ዜሮዎቹን በቀይ ከበዋቸዋል። እኔ ቪዲዮውን ፈልጌ አየሁት። ልጁ የያዘው የተጋጣሚ ወርዋሪ በሦስቱ ደቂቃ ኳስ አልነካም። በሚቀጥለው ጨዋታ ሰባት ደቂቃ ሰጡት። ይሄን ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው።

«እሱስ ይሁን፣» አሉኝ፣ «ግን ለምን ዘጠኝ አይሆንም?»