ፎሪን ኪይ ምንድን ነው? አባሉ ሳይመዘገብ መዋጮው ለምን አይገባም?

ደሴ ውስጥ የአንድ ሰፈር ቅሬ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እንዳስገባለት ጠየቀኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወሎ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ቀላል ነው ብዬ ገባሁበት። በመጀመሪያው ቀን ዳታቤዙ አንድም መዋጮ አልቀበልም አለኝ።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ሦስት ሰንጠረዦች አሉኝ፦ ቅሬ፣ አባልና መዋጮ። እያንዳንዱ የመዋጮ መስመር የከፋዩን አባል ቁጥር ይይዛል። ፎሪን ኪይ የሚባለው ይሄ ቁጥር ነው። ደንቡም አጭር ነው፦ እዚህ የተጻፈ ቁጥር የአባላት ሰንጠረዥ ውስጥ የግድ መኖር አለበት። በሌለ ሰው ስም መዋጮ አይመዘገብም። እኔ ደግሞ ከአባሉ በፊት መዋጮውን ልኬ ነበር።

ፕሮግራሙ ውስጥ ችግሩ አይታይም። አባሉንና መዋጮውን የሚወክሉት ኦብጀክቶች ሚሞሪ ላይ እርስ በርስ ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ ማን ቀደመ የሚል የለም። ዳታቤዝ ላይ ግን የሚያያይዛቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥሩንም ብዙ ጊዜ ዳታቤዙ ራሱ የሚሰጠው መስመሩ ሲገባ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቅሬው፣ ቀጥሎ አባሉ፣ ከዚያ መዋጮው። ሲሰረዝ በተገላቢጦሽ። ፕሮግራምን ከዳታቤዝ የሚያገናኙት ሲኩዌል አልኬሚና ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ይህን ተራ ራሳቸው ያሰሉታል። ሁሉም በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉው ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም) ይግባ፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ግማሽ መዝገብ አይቀርም።

እኔን ያስቸገረኝ የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ነው። የቅሬው መስመር የዳኛውን አባል ቁጥር ይፈልጋል። ዳኛው ደግሞ አባል ነውና የቅሬውን ቁጥር ይፈልጋል። ታዲያ ማን ይቅደም?

አንዱ መላ የዳኛውን ቦታ ባዶ ትቶ ቅሬውን ማስገባት፣ አባላቱን መመዝገብ፣ ከዚያ ተመልሶ መሙላት ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ሌላ መንገድ አለው። ፎሪን ኪዩ "ዲፈረብል ኢኒሺያሊ ዲፈርድ" ከተባለ ቁጥሩ መኖሩን የሚያየው ምርመራ እስከ ኮሚት፣ ማለትም ትራንዛክሽኑ እስኪጸድቅ፣ ይዘገያል፤ መሃል ላይ ቢፋለስም ችግር የለውም። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ይህ የለውም። እኔ ሁለቱንም ትቼ "ሹመት" የሚል አራተኛ ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ የቅሬ ቁጥር፣ የአባል ቁጥር፣ የተሾመበት ቀን። ክቡ ተፈታ። የቀድሞ ዳኞችም ከመዝገቡ አልጠፉም።

ብዙዎች ግን ሲጨንቃቸው ምርመራውን ያጠፉታል። ማይኤስኪውኤል ላይ አጥፍታችሁ መልሳችሁ ብታበሩት፣ በመሃል የገባውን የተሳሳተ መስመር ዞሮ አያየውም። ኤስኪውላይት በሚባለው ዳታቤዝ ላይማ ካላበራችሁት ከመነሻውም ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ማብራት ያስፈልጋል። እኔም አንዴ ተሸውጄበታለሁ።

ካስኬድንም፣ ማለትም አንድ መስመር ሲሰረዝ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉትን አብሮ መሰረዝን፣ ፈራሁት። አንድ አባል ሲሞት መስመሩን ብሰርዝ የከፈለውን ሁሉ ጠራርጎ ይሄዳል። ቅሬ ላይ ደግሞ መዝገቡ የሚፈለገው ልክ በዚያ ቀን ነው። መዋጮ ያለው አባል እንዳይሰረዝ በሪስትሪክት ከለከልሁና የአባላቱ ሰንጠረዥ ላይ "ያረፈበት ቀን" የሚል አምድ ጨመርሁ።