አንጀት ታጠበ ማለት ጀርሙ አለቀ ማለት አይደለም

የአንጀት ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የተያዘለት ሰው የጎረቤት ምክር አያጣም። እኔ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሰልችቶኝም እንኳ መስማቴን ያላቆምኩት ነገር ይሄ ነው፦ «ሆዴ ታጥቦ አልቋል፣ ኪኒኑ ለምኔ?»

እባካችሁ! ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንጀት ለማጠብ የሚሰጠው የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚያወጣው ሰገራውን ነው። በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ እስከ 100 ቢሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል። ብዙው ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ አንጀቱ ግድግዳ ላይ የተጣበቀውና በቀረው ውሃ ውስጥ ያለው ግን እዚያው ነው። አንጀቱ ሲከፈት ያ ውሃ ሆድ ውስጥና ቁስሉ ላይ ሊፈስ ይችላል፤ መግሉ ከዚያ ይመጣል። የቀረውን ጀርም የሚቀንሰው ኪኒኑ፣ ማለትም የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ በቀጠሮ ለሚሠራ የአዋቂዎች የአንጀት ቀዶ ሕክምና ሁለቱ አብረው ይሰጡ፣ ማጠቢያው ብቻውን አይሰጥ ብሏል።

አንዲት እናት በዋዜማው ማታ «ውሃ ብቻ ነው የሚወጣኝ ልጄ፣ ምን ቀረ ብለሽ ነው?» አሉኝ። ኪኒኖቹን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረዋቸዋል። ቋጠሮውን አስፈትቼ ለሐኪሙ ደወልኩ፤ ሰዓቱን አስተካክሎልን ዋጡ። ባልጠይቃቸው ማንም አያውቅም ነበር። አስታማሚዎች፣ ኪኒኑን ቁጠሩ። ካስመለሰውም ወዲያው ንገሩን።

«ኮሶ ጠጥቻለሁ፣ ይበቃል።» አይበቃም። ሲበዛ ደግሞ ይመርዛል።

«ጾም ላይ ነኝ፣ ሆዴ ባዶ ነው።» ሽሮውም ጎመኑም ሰገራ ይሆናል። ውሃ ጭምር ትተው ከንፈራቸው ደርቆ የሚመጡ አሉ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ውሃ ይጨርሳል፣ ጠጡ እንጂ! ሐኪሙ ካልከለከለ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል። የስኳር ታማሚ ከሆናችሁ መድኃኒታችሁን እንዴት እንደምትወስዱ ቀድማችሁ ጠይቁ።

«ቤቴ ተላጭቼ መጣሁ።» ምላጭ ቆዳ ይቧጭራል፣ ጀርም በዚያ ይገባል። ካስፈለገ እኛ በቶንዶዝ እንቆርጠዋለን። እናንተ ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ።

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ለሳምንት መርፌ ይሰጠኝ።» ኢንፌክሽን መከላከያው የአንቲባዮቲክ መርፌ የሚሰጠው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው 2 ሰዓት ውስጥ ነው። ኢንፌክሽን ሳይኖር ማራዘሙ መድኃኒት የለመደ ጀርም ማፍራት ነው።

አንጀቱ በድንገት የተጠማዘዘበት ሰው ግን ሌላ ነው። ሆዱ ከተነፋ፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለው የሚያስቀምጥ ነገር እንዳታጠጡት፤ የተዘጋ አንጀት ሊቀደድ ይችላል። ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።