«ከሆቴል ውጭ እንዳትበላ»፦ ስለ ሲንጋፖር የሰፈር ምግብ ቤቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲንጋፖር ልሄድ ስነሳ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ተማክሮ የመጣ ይመስል ያለኝ አንድ ነገር ነው። «ከሆቴል ውጭ እንዳትበላ!» እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ሻንጣዬ ውስጥ ጠቀጠቀችልኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት በእሱ ገፋሁት። በሶው ሲያልቅ ግን ረሃብ እየጎተተ ከተከራየሁበት ሕንፃ ሥር ወዳለው፣ ኮፒቲያም ወደሚባለው የሰፈር መመገቢያ አወረደኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት ቁርሴንም እራቴንም የበላሁት እዚያ ነው።

አሁን ለትምህርትም ለሥራም ወደዚያ የሚሄዱ ልጆች ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ያኔ እኔ ተሸክሜው የሄድኩት ፍርሃት ነው። አንድ በአንድ ልመልሰው።

«ኮፒቲያም ማለት ቡና መጠጫ ነው»

ስሙ እንደዚያ ይላል። «ኮፒ» በማላይኛ ቡና ነው። «ቲያም» ደግሞ ከደቡብ ቻይና በመጣው በሆኪየን ቋንቋ ሱቅ ማለት ነው። ግን የእኛም «ቡና ቤት» ቢራ መጠጫ ሆኖ ቀርቷል እኮ። ኮፒቲያምም ስሙን እንደያዘ ሌላ ነገር ሆኗል። ጣሪያ ያለው፣ በር የሌለው፣ የሰፈሩ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ የሚበላበት ሰፊ ቦታ ነው። ሲንጋፖር ውስጥ ከአሥር ሰው ስምንት ያህሉ መንግሥት በሠራቸው የመኖሪያ ሕንፃዎች ነው የሚኖረው። ብዙዎቹ ኮፒቲያሞች ያሉት የእነዚህ ሕንፃዎች ግራውንድ ላይ ነው።

አዲስ ሰው የሚሳሳተው ቤቱን የአንድ ሰው ምግብ ቤት ሲያደርገው ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን አስተናጋጅ ይመጣል ብዬ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብያለሁ። የምግብ ትእዛዝ ሊቀበል ማንም አልመጣም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳር ዳሩን ኪዮስክ የሚያካክሉ ትንንሽ ማብሰያዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው፤ ቦታውን ተከራይተው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ምግብ ብቻ ይሠራሉ። አንዱ ዳክዬ፣ አንዱ የዓሣ ሾርባ፣ አንዱ ኑድል። ሄዳችሁ ታዛላችሁ፣ እዚያው ትከፍላላችሁ። መጠጥ የሚሸጠው ሌላ ነው። እሱ ጠረጴዛችሁ ድረስ መጥቶ «ምን ይምጣ?» ይላል። ስለዚህ ሦስት ጓደኛሞች ከሦስት ቤት ገዝተው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ። አንዱ የጠላውን ሌላው ይበላል፤ ጭቅጭቅ የለም።

ሀውከር ሴንተር የሚባለው ደግሞ ተመሳሳይ ሆኖ በጣም የሚበልጠው ነው። ብዙ ማብሰያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር። በአገሩ ከ110 በላይ አሉ። ዩኔስኮ በ2020 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሲንጋፖርን የሀውከር ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

«የቻይና ምግብ ሁሉ አሳማ ነው፤ ጾመኛና ሙስሊም የሚበላው የለም»

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው፤ እኔንም ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የሰፈር ማብሰያዎቹ በአብዛኛው የቻይና ምግብ ነው የሚሠሩት፤ አሳማም ብዙ ነው፤ ይህ አይካድም። አስቸጋሪው ደግሞ የሚታየው ሳይሆን የማይታየው ነው። ቻር ኩዌ ቲያው የሚባለው ጠፍጣፋ የሩዝ ኑድል ጥብስ በባህሉ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። አረንጓዴ አትክልት ብቻ የሚመስል ሳህን ውስጥ ደረቅ ሽሪምፕ ወይም ኦይስተር ከተባለ የባህር እንስሳ የሚሠራ ሶስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ሥጋ አይታይበትም» ብላችሁ ጾም ነው እንዳትሉ።

ነገር ግን ጾም የእኛ ብቻ አይደለም። ብዙ ቡድሂስት ቻይናውያን በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋ አይበሉም። ሁልጊዜ የማይበሉም አሉ። ለእነሱ የሚያበስሉ ቤቶች በብዙ ሰፈር ይገኛሉ። ምልክታቸው «ሱ» ተብላ የምትነበብ አንዲት የቻይና ፊደል ናት፦ 素። ይህቺን ፊደል ስልካችሁ ላይ ያዟት። አሠራሩ በያይነቱ ቤትን ያስታውሳል። ከመስታወቱ ጀርባ ጎመኑ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ ደበርጃኑ፣ የባቄላ ቡቃያው በየትሪው ተደርድሯል። ሩዝ ይጨለፍላችኋል፤ እናንተ በጣት ታሳያላችሁ፤ በመረጣችሁት ቁጥር ይታሰባል። ቋንቋ አያስፈልግም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት አያስገቡም፤ በእነሱ ሥርዓት እነዚህም የሚከለከሉ ናቸው። ስለዚህ ለእኛ ምላስ መጀመሪያ ላይ ለስለስ ይላል። ሁለተኛ፣ እንቁላልና ወተት አንዳንዴ ይገባበታል። ሥጋ አስመስለው የሚሠሩት ነገር ውስጥ በተለይ። ለእኛ ጾም ይህ ያፈርሳል። «ቡ ያው ዳን» በሉ፤ እንቁላል አልፈልግም ማለት ነው። እኔ ሁዳዴን በሙሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው የጾምኩት።

ለሙስሊም አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። «ኖ ፖርክ፣ ኖ ላርድ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሐላል ነው ማለት አይደለም። አሳማና የአሳማ ስብ የለም ማለት ብቻ ነው፤ ዶሮው እንዴት እንደታረደ አይናገርም። የሲንጋፖር እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት፣ በአጭሩ ሙኢስ፣ የሐላል የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ የምትፈልጉት እሱን ነው። ደግሞም ኮፒቲያም ማለት ቻይናዊ ብቻ ማለት አይደለም። በብዙዎቹ ውስጥ የማላይ ወይም የሕንድ ሙስሊም ማብሰያ አለ። ሮቲ ፕራታ የሚባለውን ስስ ቂጣ ከካሪ ጋር የሚያቀርበው እሱ ነው።

«ውሻ፣ ድመት፣ እባብ ያበሉሃል»

ይህን ስሰማ ያመኛል። እኛም ጥሬ ሥጋ እንበላለን ሲባል የሚያዩን ዓይን አለ፤ እንዴት እንደሚሰማ እናውቃለን።

እውነታው ይህ ነው። የሰፈር ማብሰያ ውስጥ በአብዛኛው ያለው ዶሮ፣ አሳማ፣ ዳክዬ፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ እንቁላልና ቶፉ ነው። ዳክዬው ሙሉውን ተጠብሶ መስታወት ውስጥ ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ፤ የሚደበቅ ነገር የለም። ዋናዋ ቻይና ውስጥም ቢሆን አብዛኛው ሰው ውሻ አይበላም። ሸንዘን ከተማ ከግንቦት 2020 ጀምሮ የውሻና የድመት ሥጋ መብላትን በሕግ ከልክላለች። ለእኛ እንግዳ የሚሆንብን የለም አልልም። የእንቁራሪት ገንፎ አለ፣ የዶሮ እግር አለ፣ የአሳማ ሆድዕቃ ሾርባ አለ። ግን በስሙ ተጽፎ፣ ብዙ ጊዜም በፎቶ ተለጥፎ ነው የሚሸጠው። ሳታውቁት ሳህናችሁ ውስጥ አይገባም።

«ርካሽ ከሆነ ንጽሕና የለውም»

ሲንጋፖር ውስጥ ቀድሞ ምግብ የሚሸጠው መንገድ ዳር ነበር፤ ቧንቧም ፍሳሽም በሌለበት። መንግሥት ከ1971 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት ሻጮቹን ውኃና ፍሳሽ ወዳለባቸው ሀውከር ሴንተሮች አስገባቸው። ዛሬ ሀውከር ሴንተርም ሆነ ኮፒቲያም ውስጥ ያለ ፈቃድ ምግብ መሸጥ አይቻልም። የሚያበስለውም ሰው የምግብ ደህንነት ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ነው፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል።

ዋጋው የሚረክሰው በሌላ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ራሱ ያበስላል፣ አስተናጋጅ የለም፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ የሚሠራው አንድ ምግብ ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ብቻ የሠራ እጅ ሳየው ደስ ይለኛል። በ2016 ምግብ ቤቶችን በኮከብ በሚመዝነው በሚሼሊን መመሪያ ኮከብ ካገኙት መካከል ሁለት የሀውከር ማብሰያዎች ነበሩ። አንደኛው ቻይናታውን ኮምፕሌክስ ውስጥ ያለው የቻን ሆን ሜንግ የሶያ ሶስ ዶሮ ነው። ያኔ አንድ ሳህን 2 የሲንጋፖር ዶላር ገደማ ነበር። ኮከቡ በ2021 ቢነሣም፣ የሰፈር ምግብ ከትልልቅ ሬስቶራንቶች እኩል መቀመጥ እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል።

ለጥንቃቄ የሚበጀው አገራችንም የምንሠራበት ነው። ሰው የተሰለፈበት ይሻላል። ቶሎ የሚያልቅ ምግብ አያድርም።

«አጂኖሞቶ አለበት፤ ራስ ያሳምማል»

ይህ ወሬ የተነሣው በ1968 ነው። አንድ ሐኪም ቻይና ሬስቶራንት ከበላ በኋላ የሚሰማውን ስሜት ጠቅሶ ለአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። መንስኤ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ከገመታቸው አንዱ ኤምኤስጂ (ሞኖሶዲየም ግሉታሜት) ነበር፤ እኛ አጂኖሞቶ የምንለው ማጣፈጫ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው የሚበላው ኤምኤስጂ ይኑርበት አይኑርበት ሳያውቅ በተደረጉ ሙከራዎች ምልክቱ ወጥ በሆነ መልኩ አልታየም። አንዳንድ ሰው ምግብ ሳይበላ 3 ግራምና ከዚያ በላይ ኤምኤስጂ ብቻውን ሲወስድ ለአጭር ጊዜ ቀለል ያለ ስሜት ሊሰማው ይችላል። በአንድ ምግብ ውስጥ የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ግራም አይበልጥም። ቅመሙን በ1908 ያገኘው ጃፓናዊው ኪኩናዬ ኢኬዳ ነው፤ ከባህር አረም ሾርባ። ይኸው ግሉታሜት ቲማቲም ውስጥ አለ። ወጣችን ላይ ጣል የምናደርገው የሾርባ ኩብም ብዙ ጊዜ ኤምኤስጂ አለበት። የሚያሳስበኝ ይልቅ ጨው ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው የኑድል ሾርባውን አይጨርሰው።

«ቡናቸው ቡና አይባልም»

ይህን ያልኩት እኔው ነኝ። የቡና አገር ልጅ ነኝና የመጀመሪያዋን ስኒ ቀምሼ አስቀመጥኳት። ተሳስቼ ነበር፤ የእኛን ቡና ፍለጋ ነበር የቀመስኩት።

የእኛ አረቢካ ነው። ኮፒ በአብዛኛው የሚሠራው ከሮቡስታ ነው። ይመራል፣ ካፌኑም እጥፍ ያህል ነው። ሲቆላ ስኳርና ማርጋሪን ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ጥቁር፣ ወፍራምና የተቃጠለ ስኳር ሽታ ያለው ይሆናል። ቅባት ከቡና ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ፤ እኛም ዘንድ ቡናን በቅቤና በጨው የሚጠጡ አካባቢዎች አሉ።

አፈላሉን ቆሜ ነው ያየሁት። ሰውዬው ረጅም የጨርቅ ማጣሪያ አለው፤ «ካልሲ» ይሉታል። በውስጡ የተፈጨው ቡና አለ። ከአንዱ ረጅም ማንቆርቆሪያ ወደ ሌላው እያንቆረቆረ ያጣራዋል፤ እጁ ከፍ፣ ዝቅ። ስኒው ሥር መጀመሪያ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይንጠባጠባል፣ ከላይ ቡናው ይወርድበታል፣ ከዚያ የፈላ ውኃ። የመጠጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ከሩቅ ይጮኻል፤ አፍዪው ቀና ሳይል ይሰማል። የሚጮኸው የብዙ ቋንቋ ድብልቅ ነው። «ኮፒ» ብቻ ካላችሁ በጣፋጭ ወተት ይመጣል። «ኮፒ ኦ» ጥቁር ነው፣ ስኳር ግን አለው። «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» ስኳርም የለውም፤ ኮሶንግ በማላይኛ ባዶ ማለት ነው። «ሲው ዳይ» ስኳሩን ቀነስ፣ «ጋው» ወፈር፣ «ፔንግ» በበረዶ። የእኔ ኮፒ ኦ ሲው ዳይ ነበረች፤ ለጾምም ትሆናለች።

በመጀመሪያ ከብዙዎቹ ኮፒቲያሞች ጀርባ የነበሩት የደቡብ ቻይናዋ የሃይናን ደሴት ሰዎች ናቸው። ሲንጋፖር የደረሱት ከሌሎቹ ቻይናውያን ዘግይተው ነው፤ ብዙ ሥራ ተይዞ ጠበቃቸው። በእንግሊዞች ቤትና በመርከብ ላይ ምግብ ያበስሉ ነበር። ቡናና የተጠበሰ ዳቦ የለመዱት እዚያ ነው። ቅቤና ካያ፣ ማለትም የኮኮናት ወተት፣ የእንቁላልና የስኳር ማርማላታ፣ የተቀባው ዳቦ የመጣው ከዚህ ነው። አጠገቡ ለብ ብሎ የተቀቀለ እንቁላል ይቀርባል፤ ሶያ ሶስና ነጭ ቁንዶ በርበሬ ይደረግበታል። በፍስክ ቀን ሞክሩት።

«የቻይና ምግብ ያው የቻይና ምግብ ነው»

የጎንደርና የሐረር ገበታ አንድ ነው እንደማለት ነው። ከየአካባቢው የመጣው ቻይናዊ፣ ሆኪየኑ፣ ቲዮቹው፣ ካንቶኒሱ፣ ሃካው፣ ሃይናኑ፣ የየራሱ ገበታ አለው። ሲንጋፖር ላይ ደግሞ ከማላይና ከሕንድ ጋር ተቀላቅሏል። «የሃይናን ዶሮ ሩዝ» መሠረቱ የሃይናን ዌንቻንግ ዶሮ ቢሆንም ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው እዚሁ ነው። «ሲንጋፖር ኑድል» የሚባለው ቢጫው የካሪ ኑድል ደግሞ ከሲንጋፖር አይደለም፤ የሆንግ ኮንግ ካንቶኒስ ቤቶች ሥራ ነው።

ትንንሾቹ

ቾፕስቲክ አለማወቅ አያሳፍርም። ሩዝ የሚበላው በማንኪያና በሹካ ነው። ከያዛችሁ ግን ሩዙ ላይ አቁማችሁ አትሰኩት፤ ለሙታን የሚጨስ ዕጣን ይመስላልና ያስከፋቸዋል። ጉርሻ አይጠበቅም። ሻጮቹን «አንክል»፣ «አንቲ» በሉ፤ እኛ ጋሼ፣ እትዬ እንደምንለው ነው።

ባዶ ጠረጴዛ ላይ አንድ ፓኬት ሶፍት ካያችሁ የተረሳ ዕቃ አይደለም። ቦታው ተይዟል። እኔ ሶፍቱን ገፋ አድርጌ ተቀምጬ አንዲት ሴትዮ የፈላ ሾርባ ይዛ ራሴ ላይ ቆማለች፤ ይቅርታ ጠይቄ ተነሣሁ። ስትጨርሱም ሳህኑን ትታችሁ አትሂዱ። ትሪ መመለስ ከ2021 ጀምሮ በሀውከር ሴንተሮች፣ ከ2022 ጀምሮ በኮፒቲያሞች ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ያስቀጣል። መመለሻው አንዳንድ ቦታ ሁለት ነው፤ አንዱ ለሐላል ዕቃ፣ አንዱ ለሌላው። የአሳማ ሳህን ሐላሉ ላይ እንዳታስቀምጡ።