እርጎ ቁስል ላይ አይቀባም፦ ስለ "ጥሩ" ባክቴሪያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ቁስል ማጠብና ማሸግ ነው። ወተት የሚያረጉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ይገድላሉ የሚለው ወሬ ከተሰማ ወዲህ፣ እርጎ የተለቀለቀ ቁስል ስፈታ መዋል ሰልችቶኛል።

"ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል።" የለመደው ባክቴሪያው ነው። ስለዚህም አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ከሌላ ሰው ሊጋባበት ይችላል።

"ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት ነው።" ከ10 ሰዎች 3ቱ ያህል፣ ቁስል ከሚያመግሉት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነውን ስታፊሎኮከስ ኦውሬስን አፍንጫቸው ውስጥ ይዘው በጤና ይኖራሉ።

"መግል ካለ አንቲባዮቲክ ልዋጥ።" መግል የቋጠረ እባጭ ዋና ሕክምናው በባለሙያ ተከፍቶ መፍሰሱ ነው። እቤት አይጨመቅም።

"ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች እርጎ ውስጥ አሉ፤ እንግዲያው እርጎ ይቀባ።" እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም መነሻው እውነት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ እየለወጡ አካባቢውን ለሌሎች ጀርሞች የማይመች ያደርጉታል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። ለምግብ ማቆያነት የሚያገለግለው ኒሲን አንዱ ነው፤ ቫንኮማይሲን የተባለው ጠንካራ መድኃኒት የሚይዘውን የባክቴሪያ ግድግዳ መሥሪያ እርሱም ይይዛል። አርጀንቲና ውስጥ ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ላክቶባሲለስ ፕላንታረም በቃጠሎ ቁስል ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት ከተለመደው የብር ቅባት ጋር የተቀራረበ ውጤት አሳይቷል።

ነገር ግን እዚያ የተቀባው ዝርያው ተለይቶ በላቦራቶሪ ያደገ፣ መጠኑም የተለካ ባክቴሪያ ነው። ፋብሪካ እርጎ የሚያረጋባቸው ዋና ባክቴሪያዎች ሌሎች ናቸው። እቤት የረጋውማ እርሾና ሻጋታም ሊኖርበት ይችላል፤ የወተቱ ስኳርና ፕሮቲን ደግሞ ቁስሉ ውስጥ ላለው ጀርም ቀለብ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት የእግራቸውን ቁስል 11 ቀን እርጎ ሲቀቡ ሰነበቱ። ስላልቆጠቆጣቸው እየዳነ መስሏቸው ነበር፤ እግራቸው ግን በሕመሙ ምክንያት ስሜቱን አጥቷል። ሲመጡ አጥንቱ ተመርዞ ሁለት ጣቶቻቸው ተቆረጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ቢመጡ ኖሮ ጣቶቻቸውን ለማትረፍ ጊዜ ነበረን። እስካሁን ይቆጨኛል።

"ተፈጥሯዊ ነገር አይጎዳም።" አልፎ አልፎም ቢሆን፣ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ላክቶባሲለስ ደም ውስጥ ገብቶ ሕመም ያስከትላል። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹን ደግሞ ቫንኮማይሲን በተፈጥሯቸው አይነካቸውም።

ቁስልዎን በንጹሕ ውሃ ያጥቡና በንጹሕ ጋዝ ይሸፍኑት። መቅላቱ ከሰፋ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎት በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ የካልቸር ምርመራ (ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ጀርሙን አሳድጎ መለየት) ያስፈልግ እንደሆነም ይጠይቁ። ምንም ሳይቀቡበት ይሂዱ፤ ከእርጎ ጋር የተቀላቀለ ናሙና የትኛው ጀርም እንዳመመዎት ለመለየት ያስቸግራል።